ፍርድ በተነበበ ዕለት ግልባጭ ጠይቁ

በጎንደር ማራኪና አካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ፣ ክርክሩ ጠንካራ ሆኖ ሳለ የውሳኔ ግልባጭ በጊዜ ባለመያዙ ብቻ ይግባኝ ሲቀር በጣም ያንገበግበኛል። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከይግባኙ ጋር እንዲያያዝ ይጠይቃል። ስለዚህ ፍርዱ እንደተነበበ የመዝገብ ቁጥሩን ጻፉ፤ በዚያው ዕለት ሬጅስትራር ዘንድ ግልባጭ እንዲሰጣችሁ አመልክቱ። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ የተከራካሪዎቹን ሙሉ ስም፣ ችሎቱንና ዓመቱን ይዛችሁ ሂዱ።

በክልላችን በአማራ ጉዳይ ከወረዳ ወደ ከፍተኛ፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወዳለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ከተባለ ሰበር ችሎት አለ። የፌዴራሉ ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል፤ ውሳኔዎቹም በቅጽ ታትመው ስለሚወጡ ማንም ሊያነባቸው ይችላል። አንብቧቸው!

ተከራካሪ ያልሆነ ሰውም ችሎት ገብቶ መከታተል ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጉዳይ በግልጽ ችሎት እንዲሰማ ያዛል፤ በዝግ የሚታየው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ነው።

ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጠራችሁ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ።