አደይ አበባን በጓሮ ስለ ማቆየት
(ከጋይንት ቤተ ልሔም አንጻር)

በጓሮ አበባ ስለ መትከል ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከውጭ አገር የመጣ ዘር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ማንም ሳይዘራው ክረምቱ ሲወጣ ሜዳውን የሚያለብሰውን አደይ አበባን ነው። ዓላማውም አደይን በጓሮ ለማኖር የሚፈለገው ዋና ሥራ ዘሩ በስሎ እስኪረግፍ ድረስ ተክሉን ማቆየት መሆኑን ማስረዳት ነው።

ለነገሩ ማስረጃ የጋይንትን ቤተ ልሔም መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ከየአገሩ የተነሣ የድጓ ተማሪ ትምህርቱን ፈጽሞ የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ድጓም ዓመቱን በየበዓሉና በየወቅቱ ከፍሎ የሚያዜም መጽሐፍ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ይባላል፤ «ጽጌ» በግዕዝ አበባ ማለት ነው። ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ነው። ይህ የቤተ ክርስቲያን ቀመር ለአትክልተኛው የሚሰጠውን ጥቅም ወደ ታች እንመለከተዋለን።

1. የተክሉ ጠባይ

በአማርኛ አደይ የምንለው አንድ ስም ብቻ ይሁን እንጂ የእጽዋት ሊቃውንት በዚህ ስም የሚጠሩትን ከአንድ በላይ ዝርያ ለይተዋል። ከእነዚህም ቢደንስ ፓኪሎማ፣ ቢደንስ ፕሬስቲናሪያና ቢደንስ ማክሮፕቴራ ይገኛሉ። «ቢደንስ» በላቲን ቋንቋ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፤ ስሙ የወጣው ከወገኑ በብዙዎቹ ዘር ጫፍ ላይ ከሚታየው ሹል ነገር ነው። ኑግና ሱፍም የዚሁ ሰፊ ቤተ ሰብ አባሎች ናቸው።

አንድ አበባ መስሎ የሚታየን በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው። በዳር የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎች ንብን የሚጠሩ ሲሆኑ ዘር የሚይዙት በመካከል የታጨቁት ትንንሾቹ ናቸው። ስለዚህ የዳሩ ቢጫ ሲረግፍ «አበባው አለቀ» ብሎ መንቀል ስሕተት ነው፤ የተክሉ ዋና ሥራ ገና በመካከሉ ይሠራልና።

ሁለተኛው ነገር አደይ የአንድ ዓመት ተክል መሆኑ ነው። በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፣ በመስከረም ያብባል፣ ዘር ሰጥቶ ይደርቃል። ከሥሩ ተነሥቶ ዳግመኛ አያቆጠቁጥም። የሚመጣው ዓመት አደይ በሙሉ ዘንድሮ መሬት ላይ በወደቀው ዘር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

2. አደይ ከየት ይጎድላል?

ከዚህ ጠባዩ የተነሣ አደይን የሚያሳንሰው ዘር ሳይጥል መቆረጡ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለደመራ የሚቀጠፈው ገና በመስከረም፣ ዘሩ ሳይበስል ነው። በጥቅምት ለከብት ድርቆሽ ሣር ሲታጨድ ደግሞ በየድንበሩ የተረፈው አብሮ ይሄዳል። መሬት እየጠበበ ሲሄድ የማሳው ዳር ራሱ ይታረሳል። በዚህ ላይ ገበሬው ቱ ፎር ዲ የሚለው የአረም መድኃኒት ተጨምሯል። መድኃኒቱ ስንዴን፣ ገብስንና ጤፍን የመሰለውን የሣር ወገን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን ይገድላል፤ አደይም ቅጠለ ሰፊ ነው።

በዚህ ገበሬውን መውቀስ አይገባም። በእህል መካከል የበቀለ አደይ አረም ነው፤ የእህሉን ምግብና ብርሃን ይሻማል። ነገር ግን ያው ገበሬ በቤቱ ጣራ ሥር ቀፎ ሰቅሎ ከሆነ ጉዳቱ ወደ እርሱ ይመለሳል። በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር የሚሆነው ንቦች በአደይና በመሰሎቹ አበቦች ላይ ከሠሩ በኋላ ነው። አደይ ከጠፋ የሚጎድለው ጌጥ ብቻ ሳይሆን ማርም ነው። እንግዲህ ለእህሉም ለንቡም የሚስማማው መፍትሔ አደይን ከማሳው አውጥቶ በጓሮ ቦታ መስጠት ነው።

3. አሠራሩ

ሀ) ዘር መሰብሰብ። የአበባው ራስ ደርቆ ሲከፈትና ዘሩ ጠቁሮ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ሲሆን ይለቀማል። እርጥብ ዘር ስለሚሻግት በጥላ አድርቆ በጨርቅ ቋጥሮ ማስቀመጥ ይሻላል።

ለ) መዝራት። ዝናቡ ሲረጋ፣ በሰኔ፣ ፀሐይ በሚያገኝና ውሃ በማይተኛበት መደብ ላይ ተበትኖ ከጥፍር ውፍረት የማይበልጥ አፈር ይልበስ። ጠልቆ የተቀበረ ደቃቅ ዘር ለመውጣት ይቸገራል።

ሐ) መንከባከብ። ችግኙ ሲጠና በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል እየተወ ይሳሳ። ፍግ አይብዛ፤ የአንድ ዓመት አበባ ብዙ ጊዜ መሬቱ ሲደልብ ወደ ቅጠል አድልቶ ይወድቃል።

መ) ማቆየት። ለበዓል የሚቀጠፈው ከመደቡ እኩሌታ አይለፍ። የቀረው ቢያንስ እስከ ቁስቋም ሳይነካ ይቁም፤ ዘሩ ያልበሰለ ቢሆን ደግሞ ይጠበቅ። ከአዝመራ በኋላ ከብት ስለሚለቀቅ አጥር ያስፈልገዋል።

የቤተ ክርስቲያኑ ቀመር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዘመነ ጽጌ የሚይዘው 40 ቀን አደይ ከሙሉ አበባነት ወደ ዘር የሚያልፍበትን ጊዜ ይሸፍናል። ለባላገሩ «ዘሩ እስኪበስል ጠብቅ» ከማለት «ጽጌ ሳይወጣ አትጨድ» ማለት ይቀላል፤ ቀኑን ሁሉም ያውቀዋልና።

4. ከውጭው አበባ ጋር ሲነጻጸር

በአበባ ሻጮች ዘንድ የተወደደውን ሊሲያንተስን ለማነጻጸሪያ እንውሰድ። የትውልድ አገሩ የሰሜን አሜሪካ ሜዳ ነው፤ ዛሬ የምናየውን ብዙ ዓይነት መልክ ያወጡለት በተለይ የጃፓን አራቢዎች ናቸው። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አይለብስም። ችግኙ ለወራት እርጥበት ሳይጓደልበት ይጠበቃል፤ ሙቀት ከበዛበት መሬት ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከዘር እስከ አበባ 5 ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። የጋይንት ደጋ ቅዝቃዜ ለችግኙ ሊስማማው ይችላል፤ ሆኖም ከክረምቱ ውጭ ውሃ እየቀዱ ማጠጣትን ይጠይቃል። በየዓመቱም ዘሩ ይገዛል። አደይ ግን ዕድሜውን በአንድ ክረምት ውሃ ይፈጽማል፤ ዘሩም ያለ ዋጋ ይገኛል።

ስለዚህ በጋይንትም ሆነ በስማዳና በእስቴ አደይን በጓሮው ለማየት የሚወድ ሰው የሚያወጣው ወጪ ጥቂት ክንድ መሬትና የጥቂት ሳምንት ትዕግሥት ነው። ትዕግሥቱም ዋጋ የሚኖረው በየዓመቱ ሲደገም ነው፤ አንድ ዓመት ዘር ሳይጥል የታጨደ መደብ በሚመጣው መስከረም ባዶውን ሊገኝ ይችላልና።