መዝገቡ በርበሬ ተጠቀለለበት!

በዚህ ዓምድ ሁሌ የፍቅርና የትዳር ጣጣ ስለማወራ ዛሬ ለለውጥ ያህል ስለ ወረቀት ልጽፍ ተነስቼ ነበር። ስለ አሮጌ ወረቀት! ግን ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ እዚያው ፍቅር ውስጥ ከተተኝ። ታገሱኝማ።

ነገሩ የጀመረው ወላይታ ሶዶ ገበያ ውስጥ ነው። አምና አንድ ቅዳሜ ሩብ ኪሎ በርበሬ ገዝቼ ቤት ስገባ መጠቅለያው ዓይኔን ሳበው። ከትልቅ መዝገብ የተገነጠለ ባለ መስመር ወረቀት ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ቀን፣ ስንት ኮፒ፣ ቀብድ፣ ቀሪ» ይላል። ከሥሩ የሰው ስም ተደርድሯል። የእጅ ጽሑፉን እንዳየሁት አወቅኩት። የሰፈራችን ፎቶ አንሺ ጽሑፍ ነው!

እኚህን ሰው ግማሹ ሶዶ ያውቃቸዋል ብል አልዋሸሁም። ስማቸውን ግን አልጠራም፤ ልጆቻቸው አሉ። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ጊፋታ፣ የትምህርት ቤት ምርቃት... በእሳቸው ካሜራ ያላለፈ የለም። ፏፏቴና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ ነበራቸው፤ እናቴም አባቴም እዚያ ፏፏቴ ሥር ቆመው ተነስተዋል። ያነሱትን ሁሉ በቁጥር ይመዘግባሉ፤ ነጋቲቩን ፖስታ ውስጥ ከተው ያንኑ ቁጥር ይጽፉበታል፤ ፖስታውን በኦሞ ካርቶን ይደረድራሉ። አልፎ አልፎም ከዳር በወላይትኛ ማስታወሻ ጣል ያደርጋሉ። በላቲን እንዳይመስላችሁ፣ በፊደል ነው! በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛን በፊደል ነበር የሚያስተምረው፤ እሳቸውም የዚያ ዘመን ሰው ናቸው።

ሲያርፉ ልጆቹ ቤቱን ለማከራየት አጸዱት። አንዱ ካሜራውን ወሰደ። አንዷ ደስ ደስ የሚሉትን ፎቶዎች መርጣ ወሰደች። ነጋቲቩ «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?» ተብሎ ማድ ቤት ተወረወረ። መዝገቦቹ በኪሎ ተሸጡ። የእኔ በርበሬ የተጠቀለለው በዚህ ነው እንግዲህ!

ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። እኛም ቤት አባቴ ሲሞት የሱቁን የዱቤ መዝገብ ምድጃ አቀጣጥለንበታል። በክፉ ቀን ስንት ቤተሰብ በዱቤ እህል እንደወሰደ፣ ማን እንደከፈለ፣ ለማን እንደተማረለት የሚናገረው እሱ መዝገብ ብቻ ነበር። ዛሬ ሳስበው እኔኑ መልሶ ያቃጥለኛል። ደግሞም ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና ሕንፃው በየቦታው ብቅ ብቅ እያለ ነው። አሮጌ ቤት በፈረሰ ቁጥር አንድ ሳጥን ወረቀት አብሮ ይወጣል። የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ወደ አክስቴ ልውሰዳችሁ። አክስቴ አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። በ1991 ዓ.ም. ወደ ጦር ግንባር ሄደ፤ በዚያው ቀረ። እኔ ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ስለነበርኩ መልኩን አላስታውሰውም። መርዶው የመጣው በክረምት ነው። በለቅሶው ሜዳ ላይ ፎቶው ከፍ ተደርጎ ተይዞ እየተዞረ ሳለ ዝናቡ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ዶፉን ለቀቀው። ያ አንድ ለእናቱ የሆነ ጉርድ ፎቶ በሰው እጅ ላይ ሟሟ። አክስቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጇ መልክ በእጇ የለም።

«ታዲያ ፎቶ ቤት ሄደሽ ለምን አላሳጠብሽም?» አልኳት አንድ ቀን።

«እግሬ እምቢ አለኝ፣ የኔ ልጅ። ነገ ነገ ስል ሰውየው ቀደሙኝ» አለችኝ።

ያቺን የበርበሬ ወረቀት ይዤ ሰኞ በጠዋት ገበያ የሮጥኩት ለዚህ ነው። ከሦስት መዝገብ አንዱ አልቋል። ሁለተኛው ግማሽ ሆኗል። ሦስተኛው ገና አልተነካም። ባለ በርበሬዋ ወይ ፍንክች! «መጠቅለያዬን ከወሰድሽ ምትክ አምጪ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቤት ከምሬ ያስቀመጥኩትን ጋዜጣ በሙሉ ተሸክሜ ወሰድኩላት። ይኸው አሁን ሶዶ ውስጥ በርበሬ የሚጠቀለለው በእኔ ምክር ነው። ቢያንስ አንድ ቦታ ጠቅሟል!

ነጋቲቩን ከልጆቹ መለመን ቀላል ነበር፤ «ከወሰድሽልንማ ገላገልሽን» አሉኝ። አምስት ካርቶን። እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር የገባኝ። ነጋቲቭ ላይ ሰው ሁሉ አንድ ነው፤ ፀጉሩ ነጭ፣ ጥርሱ ጥቁር። እናት እንኳ ልጇን አትለየውም። ፖስታው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ወደ ሰው የሚቀይረው ያ ማንም የማይፈልገው፣ የማያምር፣ ቀብድና ቀሪ የሞላበት መዝገብ ነው። ልጆቹ ያማረውን ፎቶ መርጠው መዝገቡን ሲሸጡ በሩን ይዘው ቁልፉን ሸጡ ማለት ነው። መዝገብ ቤት የሚሠሩ ባለሙያዎች የአንድ ሰው ወረቀት ተለያይቶ መበተን የለበትም፣ ባለቤቱ ባስቀመጠው ተራ መቆየት አለበት የሚሉት ወደው አይደለም።

በዚህ ነገር አንጀታቸው ያረረ ሕዝቦች አሉ። አየርላንዶችን ታውቋቸዋላችሁ፤ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ወላይታ ድረስ የመጣው ኮንሰርን የተባለው የእርዳታ ድርጅት የነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 በእርስ በርስ ጦርነታቸው መሐል ደብሊን ያለው የመንግሥት መዝገብ ቤት ነደደ። የሰባት መቶ ዓመት ወረቀት በአንድ ቀን! ታዲያ ምን አደረጉ? በየቤተሰቡ ሳጥን፣ በየጠበቃው ቢሮ፣ በሌላ አገር መዝገብ ቤት ያለውን ግልባጭ መፈለግ ጀመሩ። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ2022፣ የተገኘውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ሰብስበው ለሕዝብ ከፈቱት። መንግሥት ያጣውን ወረቀት ከፊሉን ያተረፈው ዘመድ አዝማድ ያልጣለው ሳጥን ነው ማለት ነው።

የኛም አገር ቢሆን ባዶ አይደለም። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ ታትሞ የወጣው ባለቤቱ ካረፉ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታም በስደት አሜሪካ ሞቶ ግጥሞቹ በመጽሐፍ ተሰብስበው የደረሱን ከሞተ በኋላ ነው። አንድ ሰው በመሐል «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?» ብሎ ቢሆን ኖሮስ?

ወደ ካርቶኖቹ ልመለስ። አክስቴና እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጭ ብለን መፈለግ ጀመርን። ወጣቶች ይህችን ዘዴ ያዙልኝ፤ ገንዘብ አታስወጣም። የአንዱን ስልክ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ነጭ ገጽ ክፈቱ። ነጋቲቩን ጫፍ ጫፉን ይዛችሁ ከስክሪኑ ትንሽ ከፍ አድርጉት። በሌላ ስልክ ፎቶ አንሡትና ቀለሙን ገልብጡት፤ ስልኩ ራሱ ካልቻለ ይህን የሚሠራ አፕ በነፃ ይገኛል። የመጀመሪያው ሰው ሲገለጥ ሁለታችንም ጮኽን! የማናውቀው ሽማግሌ ነበር፣ ባለ ባርኔጣ።

ስህተትም ሠርቻለሁ። እርጥበት ያጣበቃቸውን ሁለት ነጋቲቮች በጥፍሬ ላላቅቅ ስል የአንዱ ሰው ፊት ተገሽልጦ ቀረ። የተጣበቀ ነገር በግድ አይላቀቅም፤ ደረቅ ቦታ አስቀምጡትና የሚያውቅ ሰው ይየው። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ የእናቷን አሮጌ የጋብቻ ወረቀት «እንዳይበላሽ» ብላ ላሚኔት አስደረገችው። እንዳታደርጉት! አንዴ በሙቀት ከተጣበቀ ወረቀቱን ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም ማለት ይቻላል። ፕላስተርም ያው ነው፣ ቆይቶ ይበይዳል። ስፒልና ስቴፕል ይዝጋል፤ ቀስ ብላችሁ አውጡት። ከፎቶ ጀርባ ስም ስትጽፉ በእርሳስ ይሁን፣ ሳትጫኑ። ሳጥኑን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ምስጥ የሶዶን ቤት ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ካሽ ሬጅስተር የሚተፋውን ደረሰኝ ተማምናችሁ አትተኙ። በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይና ጊዜ ያጠፋዋል፤ ኮፒ አድርጉት።

አራተኛው ቅዳሜ ላይ ተገኘ። ከግማሹ መዝገብ ውስጥ፣ የጥቅምት 1991 ገጽ ላይ፣ የአክስቴ ልጅ ስም ቁጭ ብሏል። ግን ብቻውን አይደለም። «ሁለት ሰው፣ 2 ኮፒ» ይላል። ከጎኑ የሴት ስም አለ፤ ቀብድ የከፈለችው እሷ ናት። ከዳር ደግሞ ሰውየው በወላይትኛ አንድ መስመር ጽፈዋል፦ አንዱ ተወስዷል፣ አንዱ አልተወሰደም።

ነጋቲቩን አወጣነው። ስልኩ ላይ ስገለብጠው ፏፏቴው ሥር አንድ ቀጭን ወጣት ቆሟል። አጠገቡ አንዲት ልጅ ትከሻዋን ወደ እሱ ዘንበል አድርጋ ትስቃለች። አክስቴ ስልኩን ተቀበለችኝና ዝም አለች። ብዙ ቆየች። ከዚያ በጣቷ የልጁን ጆሮ ነካች። «ጆሮው» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ማታ ላይ ግን ጥያቄው መጣ። «ማን ናት?» ልጇ እጮኛ እንደነበረው ጭራሽ አታውቅም። እኔ ስሟን ይዤ ጠያየቅኩ፤ በትንሽ ከተማ ይህ ከባድ አይደለም። ሴትየዋ በሕይወት አለች። ሌላ ከተማ አግብታ ልጆች ወልዳለች።

አክስቴ «አንድ ቀን ብቻ ልያት። የወሰደችውን ፎቶ አልለምናትም» አለች። እኔ ደግሞ የሴትየዋ ባል ታየኝ፣ ልጆቿ ታዩኝ። የሃያ ምናምን ዓመት ምስጢር ይዤ ቤቷ ልንኳኳ ነው? የሰው ወረቀት ስትከፍቱ የራሳችሁን ሰው ብቻ አታገኙም፤ የሌላም ሰው ሕይወት እዚያው ውስጥ ተቀምጧል። ትልልቅ መዝገብ ቤቶች ለዚህ መላ አላቸው። ሰጪው «ይህ ክፍል ይህን ያህል ዓመት ሳይከፈት ይቆይ» ብሎ በጽሑፍ መዋዋል ይችላል።

ለነገሩ ካርቶኖቹን የት እንደምንወስዳቸው እየመከርን ነው። አዲስ አበባ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ሁላችንም ወመዘክር እያልን የምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ። 6 ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም አለ። ግን ከሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የሶዶ ፊት ከሶዶ ባይርቅ ደስ ይለኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲን ልንጠይቅ ነው። እናንተም ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ዝርዝሩን ጽፋችሁ ቁጠሩ፣ ግልባጭ አስቀሩ፣ ፊርማ ተቀበሉ። መዝገቡና ነጋቲቩ ደግሞ እንዳይለያዩ! የተቆረጠው ግማሽ መዝገብም ቢሆን አብሮ ይሄዳል፣ በርበሬ የነካው ገጽ ሳይቀር።

ሴትየዋን እስካሁን አልደወልንላትም። አክስቴ ስልክ ቁጥሯን በብጫቂ ወረቀት አጽፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራዋለች።

ባለፈው ሳምንት ፎቶውን ለማሳደግ አራዳ አንድ ማተሚያ ቤት ይዣት ሄድኩ። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተውና አየት አድርጎ፣ «እማማ፣ ልጅቷን ላውጣትና እሱን ብቻ ላሳድገው? በደቂቃ ያልቃል» አላት።

«ተዋት» አለችው አክስቴ። «ልጄ ብቻውን አልተነሳም።»

ከዚያ ሁለት ኮፒ አዘዘች። ሁለተኛውን ምን እንደምታደርገው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።