ዓይን ከተከፈተ በኋላ

ጥያቄው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ቅርጾች ተደርድረዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ለየት ይላል፤ የቱ ነው? በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ኤሁድ ዞሃሪና ባልደረቦቹ ይህን ፈተና የሰጡት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ተፈታኞቹ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ከጨቅላነታቸው ጀምሮ በሞራ ግርዶሽ ተሸፍነው ኖረው፣ ግርዶሹ ከብዙ ዓመታት በኋላ በቀዶ ሕክምና የተገፈፈላቸው ናቸው።

ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 «ከረንት ባዮሎጂ» በተባለው መጽሔት ሲታተም ውጤቱ ሁለት መልክ ነበረው። ለየት ያለው ቅርጽ በቀለሙ፣ በመጠኑ ወይም በዙሪያው መስመር የሚለይ ሲሆን ተፈታኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ለዩት። ልዩነቱ ያለው በጥላው አጣጣል ላይ ሲሆን፣ ወይም አንዱ ነገር ሌላውን በከፊል በመጋረዱ ሲሆን ግን በአብዛኛው አቃታቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ዓመት ቢቆጠርም በዚህ በኩል የታየው መሻሻል ጥቂት ነው።

ሞራው ተነሥቷል፤ ብርሃን ይገባል፤ ቀለም ይለያል። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

ጥያቄው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1688 የደብሊኑ ምሁር ዊልያም ሞሊኒው ለእንግሊዛዊው ፈላስፋ ለጆን ሎክ ደብዳቤ ጻፈ። ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ ሰው ኩብንና ድቡልቡልን በእጁ ዳስሶ መለየት ተምሯል እንበል፤ አንድ ቀን ዓይኑ ቢበራለት፣ ሳይነካቸው በማየት ብቻ ይለያቸዋል ወይ? ሞሊኒው ራሱ አይችልም ባይ ነበር፤ ሎክም በዚሁ ተስማማ። ነገሩ ለሞሊኒው የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አልነበረም። ሚስቱ ከተጋቡ ብዙም ሳይቆይ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር።

ይህ ጥያቄ በሥርዓት የተፈተነበት ሙከራ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በአሜሪካው ኤምአይቲ የሚያስተምረው ህንዳዊው ፓዋን ሲንሃ በትውልድ አገሩ ዓይነ ስውር ሕፃናትን የሚያሳክም «ፕራካሽ» የተባለ ፕሮጀክት አቋቁሟል፤ ቃሉ ብርሃን ማለት ነው። ከታከሙት መካከል ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆነ አምስት ልጆች፣ ማሰሪያው በተፈታላቸው በሰዓታት ውስጥ መጫወቻ ብሎኬቶች ቀረቡላቸው። ዳስሰው ያወቁትን መልሰው በዳሰሳ ሲለዩ ከመቶ 98 ያህል፣ አይተው ያወቁትን በማየት ሲለዩ 92 ያህል አገኙ። በእጅ ያወቁትን በዓይን ሲፈልጉ ግን 58 ገደማ ላይ ቀሩ፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ሞሊኒው ልክ ነበር ማለት ነው፤ ለጥቂት ቀናት ብቻ ቢሆንም። እንደገና የተፈተኑት ልጆች ሳምንት ሳይሞላ በጣም ተሻሽለው ተገኝተዋል።

ከእነዚህ ልጆች ሁሉ በፊት ግን በሳይንስ ጽሑፎች «ኤስ.ቢ.» እየተባለ የሚጠራ አንድ እንግሊዛዊ ነበር። በ10 ወሩ ዓይኑ ጠፋ፤ በ52 ዓመቱ፣ በ1958 መጨረሻ ገደማ በጀመረ ሕክምና፣ የዓይኑ ፊት መስታወት መሰል ሽፋን በሌላ ተተካለት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ግሪጎሪ ሊጠይቀው ሲሄድ ሰውየው የግድግዳ ሰዓት ያነብባል፤ ለካ ዕድሜውን ሙሉ ክዳን የሌለው የኪስ ሰዓት ቆጣሪዎችን በጣቱ ሲዳስስ ኖሯል። ትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላትንም ያውቃል፤ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በእንጨት ተቀርጸው ዳስሷቸዋል። ትንንሾቹን ፊደላት ግን ዳስሶ አያውቅም፤ አይቶም አላወቃቸውም። ከመሬት 10 ሜትር ያህል ከፍ ካለው የሆስፒታል መስኮት ቁልቁል ተመልክቶ፣ በእጁ ተንጠላጥሎ ቢወርድ መሬት የሚደርስ መሰለው። በአንድ ሙዚየም የብረት መቅረጫ ማሽን ሲያሳዩት ምንም አልገባውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ በደንብ ከዳሰሰው በኋላ ዓይኑን ገለጠና አሁን አየሁት አለ። ዓይነ ስውር ሳለ በድፍረት ይሻገረው የነበረው መንገድ አሁን አስፈራው። ዓለም እንደጠበቃት ሳትሆን ቀረች መሰል፣ በኀዘን ተውጦ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1960 ዐረፈ።

ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ዓይን የሚያቀብለው ነገር ምን ያህል ጎዶሎ እንደሆነ ሲታይ ይገለጣል። ዓይንን በካሜራ መመሰል የተለመደ ነው፤ እንዲህ ያለ ካሜራ ለገበያ ቢወጣ ግን ገዢ አያገኝም። ምስሉ በዓይን ጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ በሬቲና ላይ የሚያርፈው ተገልብጦ ነው፤ ይህን ዮሐንስ ኬፕለር በ1604 አሳይቷል። ብርሃን የሚቀበሉት ሴሎች ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ መልእክታቸውን ወደ አንጎል የሚወስደው ነርቭ ግን ያለው 1 ሚሊዮን ገደማ ክር ብቻ ነው። በጥራት የሚታየውም ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው ክንዱን ዘርግቶ የአውራ ጣቱን ጥፍር ቢያይ፣ ዓይኑ አንጥሮ የሚያየው ስፋት ከዚያ ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። የቀረው ደብዛዛ ነው። ነርቩ ከሬቲና በሚወጣበት ቦታ ደግሞ ብርሃን ተቀባይ ሴል ጨርሶ የለም፤ ፈረንሳዊው ኤድም ማሪዮት በ1660ዎቹ ይህን ስውር ነጥብ እስኪያገኝ ድረስ በሰው ልጅ ዓይን ውስጥ ቀዳዳ እንዳለ የጠረጠረ አልነበረም።

ጉድለቱን ለማካካስ ዓይን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ይዘላል። በዝላዩ ወቅት የሚደርሰውን ውዥንብር አንጎል ያፍነዋል። መስተዋት ፊት ቆሞ አንዴ የግራ፣ አንዴ የቀኝ ዓይኑን የሚያይ ሰው የገዛ ዓይኖቹ ሲንቀሳቀሱ ፈጽሞ አያይም፤ አጠገቡ የቆመው ግን በደንብ ያያል።

ከዚህ ቁርጥራጭ ሙሉና የማይናወጥ ዓለም የሚሠራው አንጎል ነው፤ የሚሠራውም በግምት። ይህን ቀድመው ከጻፉት አንዱ በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብን አል ሐይሠም ነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጻፈው ሰባት ክፍል ያለው የብርሃንና የዕይታ መጽሐፍ፣ ዓይን ራሷ ጨረር አትረጭም፤ ብርሃን ነው ከነገሮች ወደ እርሷ የሚመጣ አለ። ከዚያም አልፎ፣ ያየነውን የምናውቀው ቀድሞ ከምናውቀው ጋር እያመዛዘንን መሆኑን፣ ፍርዱም ፈጣን ስለሆነ መፍረዳችንን እንደማናስተውል ጻፈ። ጀርመናዊው ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ የመጣው ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ነው።

የግምቱን ጥበብ ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ከሰል፣ ጓዳ ውስጥ ከተሰቀለ ነጭ ነጠላ የበለጠ ብርሃን ወደ ዓይን ይልካል። ሆኖም ከሰሉ ጥቁር፣ ነጠላው ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው፤ አንጎል በመጀመሪያ የቦታውን ብርሃን ይገምትና ሒሳቡን ያወራርዳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ዓለምን ለሁለት የከፈለው የቀሚስ ፎቶግራፍ ጉዳይም ይኸው ነው። ቀሚሱ በእርግጥ ሰማያዊና ጥቁር ነበር፤ ጥላ ውስጥ ያለ የመሰላቸው ሰዎች ግን ነጭና ወርቃማ አዩት። ፎቶው የብርሃኑን ምንጭ በግልጽ ስለማይናገር እያንዳንዱ አንጎል የየራሱን ግምት ወሰደ። ባልና ሚስት አንድ ስልክ ላይ አፍጥጠው የተጣሉበት ሌላ የቀለም ጥያቄ መኖሩ ያጠራጥራል።

ጣሊያናዊው ጋኤታኖ ካኒዛ በ1955 ያወጣው ምስል ደግሞ ሦስት ድፎ ዳቦዎችን ይመስላል። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ቁራሽ ተነሥቷል፤ የተቆረሰው ጎናቸው ወደ መሐል ተፋጥጧል። ተመልካቹ የሚያየው ግን ዳቦዎቹ ላይ የተደፋ ደማቅ ነጭ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ማንም ያልሣለው። ከባሕር ዛፍ ጀርባ የቆመች ላምም እንዲሁ ናት። ወደ ዓይን የሚገባው የፊቷ ግማሽና የኋላዋ ግማሽ ብቻ ሲሆን፣ ሁለት ግማሽ ላም አየሁ የሚል እረኛ ግን የለም።

በኢትዮጵያው ጥናት ተፈታኞቹን ያቃታቸው ይኸው ዓይነቱ ነው፤ የሌለ መስመርን ማየት፣ የተጋረደን መሙላት፣ ከጥላ ቅርጽን ማንበብ።

ስለ ጥላ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ከላዩ ብሩህ፣ ከታቹ ጨለም ያለ ክብ ሲታይ ያበጠ ይመስላል፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ያው ክብ ይሰረጉዳል። አሸዋ ላይ የቀረ የእግር ዱካ ፎቶግራፍም ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ ጉብታ ይሆናል። አንጎል ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ስለሚነሣ ነው፤ ፀሐይ ከላይ ናትና። ይህ ግምት አብሮ የሚወለድ ነው ወይስ የሚለመድ? በ1970 በወጣ ጥናት፣ ብርሃን ከታች በሚመጣበት ቦታ ያደጉ ጫጩቶች እንኳ ጥላውን ያነበቡት ከላይ እንደመጣ አድርገው ነው። ለጫጩት አብሮ ተወልዷል ማለት ነው። የሰው ግን ይለዝባል፤ በ2004 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው፣ አዋቂዎች ቅርጹን በእጃቸው እየዳሰሱ ሲለማመዱ ብርሃኑ ከወዴት ይመጣል የሚለው ግምታቸው ፈቀቅ ብሏል።

እዚህ ላይ ብልህ አንባቢ አንድ ነገር ሊጠይቅ ይችላል። የኢትዮጵያው ጥናት ተፈታኞች የተቸገሩት ሥዕል ማንበብ ስላልለመዱ ቢሆንስ? ለዚህም ከራሷ ከኢትዮጵያ የሚጠቀስ ነገር አለ። በ1972 ያን ዴረጎቭስኪና ሁለት ባልደረቦቹ፣ በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ለሚኖሩና ሥዕል እምብዛም ላላዩ የመኢኒት ሰዎች የእንስሳት ሥዕል አሳይተው ነበር። ወረቀት ራሱ እንግዳ ስለነበር ሥዕሉ የተሣለው በጨርቅ ላይ ነው። ሰዎቹ ጊዜ ወስደው፣ ክፍል በክፍል እየመረመሩ፣ እንስሳቱን በአብዛኛው አወቁ። ይህ ብቻውን ክርክሩን አይዘጋም፤ ሥዕሎቹም የጥላ ፈተና አልነበሩም። ቢሆንም ጤነኛ ዓይን ይዞ ያደገ ሰው ያለ መምህር ከሥዕል ጋር መታረቁ፣ በሞራ ተጋርዶ ያደገው ደግሞ ዓመት ቆይቶም መቸገሩ፣ ጉድለቱ ከሥዕል ልማድ በታች የሚወርድ መሆኑን ይጠቁማል።

የት እንደሚወርድ የጠቆሙት ድመቶች ናቸው። የአንጎል ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ቪዝል በ1960ዎቹ የአንዲት ግልገል ድመትን የአንድ ዓይን ሽፋን ሰፍተው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ዘጉት። ሲከፈት ዓይኑ ራሱ ደህና ነበር፤ በአንጎል ውስጥ ግን የሚያዳምጠው ሴል ጠፋ ማለት ይቻላል። ቦታውን ሌላኛው ዓይን ወርሶታል። በአደገች ድመት ላይ ይኸው ሲደገም ምንም አልሆነም። አንጎል ማየትን የሚማርበት ወቅት አለው፤ ሁለቱ ሰዎች በ1981 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉባቸው ግኝቶች አንዱ ይህ ነው። ሐኪሞች ዛሬ በሁለቱም ዓይን ድፍን ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ይታከም የሚሉትም ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 ባደረገችው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር ሲሆን ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የሞራ ግርዶሽ ነበር፤ አብዛኞቹ በዕድሜ የመጣባቸው ናቸውና ማየትን ቀድመው ተምረዋል። ከግርዶሽ ጋር የተወለደ ልጅ ነው ወቅቱ የሚያልፍበት።

የዞሃሪ ቡድን በ2022 ሌላ ውጤት ይዞ ቀረበ፤ ይህኛው ስለ ጥላ ሳይሆን ስለ ዓይን ራሷ ነው። የሰው ዓይን ነጩ ሰፊ ስለሆነ ወዴት እንደሚያይ ከሩቅ ይታወቃል፤ ጨቅላ ልጅም ማንም ሳያስተምረው የእናቱን ዓይን መከተል ይጀምራል። ጥንታውያን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ጻድቃንን በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፊት ለፊት፣ ክፉዎችን ግን በጎን በአንድ ዓይን መሣላቸው ዓይን ምን ያህል እንደሚናገር ያውቁ እንደነበር ያሳያል። ዘግይተው የታከሙት ኢትዮጵያውያን ልጆች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብሌኑ በዓይን ውስጥ የት እንዳለ ለመለየት የሚበቃ ጥራት አግኝተዋል። ይሁንና ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ዓይኑን ወደ አንድ ወገን ሲያደርግ የእነርሱ ትኩረት አብሮ አልሄደም፤ ፊት ሲያዩም ዓይኖቹ ላይ የሚቆዩት ከሌሎች ልጆች ባነሰ ነው። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት የራስ መዞርን መከተል በደበዘዘ ዕይታም ሊለመድ ይችላል፤ ከሩቅ ይለያልና። የብሌንን መዞር ግን በጨቅላነቱ ጥርት አድርጎ ያላየ ልጅ በኋላ በራሱ አይደርስበትም።

ቡና ተፈልቶ እንግዳ በተቀመጠበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናት ቃል ሳትተነፍስ ዓይኗን ወደ ባዶው ሲኒ ጣል ታደርጋለች፤ ትልቋ ልጅ ብድግ ብላ ታነሣዋለች። በቅርቡ ዓይኑ የበራለት ታናሽ ወንድሟም እናቱን እያያት ነው፤ እሱ ግን ራሷን እስክታዞር ወይም በስሙ እስክትጠራው ይጠብቃል።