በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ስላሉት ስሌትና እምነት

ሃይማኖትና ሳይንስ ይስማማሉ ወይስ ይጣላሉ የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ በጠቅላላ ቃላት ስለሚካሄድ ከፍሬ አይደርስም። ነገሩን በአንድ የታወቀ ትምህርት ላይ መመርመር ይሻላል፤ ለዚህም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጽዋማትንና በዓላትን የምታወጣበት ባሕረ ሐሳብ የተመቸ ነው።

የስሌቱ አካሄድ እንዲህ ነው። 5500 ዘመን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ተደምሮ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው 1 ሲነሣ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል። ለ2016 ዓ.ም. ድምሩ 7516፣ ቀሪው 11፣ ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑም 10 ነበር። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ይውላልና ጥቅምት 10 ቅዳሜ ሆነ፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ተጨምሮ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ገባ፤ ከዚያም 69 ቀን ተቆጥሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ዋለ። ይህን ሁሉ ለማግኘት ቀና ብሎ ሰማይን ማየት አላስፈለገም።

11 የተባለው ቁጥር ከየት መጣ ለሚለው ትምህርቱ ሁለት መልስ አለው። ትውፊቱ እንደሚተርከው የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7 ሱባኤ ገብቶ ምሥጢሩ ተገለጠለት፤ ሱባኤው በ7 ሲበዛ 161 እና 49 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍም 11 እና 19 ይተርፋል። ሁለተኛው መልስ የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን በመሆኑ ልዩነቱ 11 ነው የሚል ነው። ከውጭ የሚመለከት ተመራማሪ ከሁለቱ አንዱን ሊጥል ይቸኩላል፤ ዳሩ ግን መልሶቹ ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ አይደሉም። አንደኛው ቁጥሩ ስለምን እንደሚከበር፣ ሁለተኛው ቁጥሩ ምን እንደ ሆነ ይናገራል።

19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር መተካከሉን የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት ያውቀው ነበር፤ ባቢሎናውያንም እንዲሁ። ኦቶ ኖይገባወር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ባሳተመው ጥናት የግዕዝ መጻሕፍት የጥንቱን የእስክንድርያ ስሌት ጠብቀው መቆየታቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ባሕረ ሐሳብን በቃል የሚነበነብ ነገር ብቻ አድርጎ መናቅ አለማወቅ ነው።

ይሁን እንጂ በዘመኑ ካለው ከማንኛውም የሥነ ፈለክ ምርምር አያንስም የሚሉትም ተሳስተዋል። 19ኙ ዓመታት 6939 ቀን ከ18 ሰዓት ሲሆኑ 235ቱ ወራት ከዚህ በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያንሳሉ፤ ጉድለቱም በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። ዓመቱ ራሱ ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ይረዝማል። በ2016 ዓ.ም. ስሌቱ ጨረቃ ሚያዝያ 20 ትሞላለች ሲል በሰማይ የሞላችው ለሚያዝያ 16 አጥቢያ ነበር። ሌሊትና ቀን እኩል ይሆኑበታል የተባለው መጋቢት 25 ሲሆን በእርግጥ የተስተካከሉት መጋቢት 11 አካባቢ ነው። ይህንንም ለማወቅ መነጽር አያስፈልግም፤ ጨረቃዋን ማንኛውም እረኛ ያያታል።

ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ለሳይንስ ሰማዩ ዳኛ ነው፤ ስሌት ከሰማይ ሲለይ የሚታረመው ስሌቱ ነው። የባሕረ ሐሳብ ዓላማ ግን ምእመናን ሁሉ በአንድ ቀን እንዲጾሙና በአንድ ቀን እንዲያከብሩ ማድረግ ስለ ሆነ፣ ስሌቱ አራት ቀን ቢስትም ተግባሩን አላጎደለም። ማረም ራሱ ዋጋ አለው። ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ካላንደሩን ቢያርም እንግሊዝ እስከ 1752 አልተቀበለችውም፤ የምሥራቁና የምዕራቡ ትንሣኤም ተለያየ። በ2016 ዓ.ም. የምዕራባውያኑ መጋቢት 22፣ የኢትዮጵያው ሚያዝያ 27 ነበርና በመካከሉ አምስት ሳምንት ገባ። በ1997 በሶርያዋ ሐለብ የተሰበሰቡ የአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች የጨረቃዋን ሙላትና የዕሪናውን ቀን በኢየሩሳሌም ሰማይ ልክ በሥነ ፈለክ ስሌት አውጥቶ ሁሉም በአንድነት እንዲያከብሩ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በሥራ ላይ አልዋለም።