ቴምብሩን ከፖስታው አትላጡ

አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና፣ ከዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ የፖስታ ሙዚየም አለ። የፖስታ ሳጥኑን ከፍቶ ደብዳቤውን የሚወስድ ሰው ሁሉ በጎኑ ያልፋል፤ ጎራ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ከጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ከተማ ለጉዳይ የመጣ ዘመድ ሲያጋጥመኝ አንበሳ ግቢ ከመውሰድ ይልቅ ወደዚያ እመራዋለሁ፤ እስካሁን ሲወጣ ያማረረ የለም።

መሠረታዊው ታሪክ አጭር ነው። አፄ ምኒልክ ፖስታን ያቋቋሙት መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ፤ በአራቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ዘውድ የደፋ አንበሳ አለ። ዋጋቸው ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ነበር፤ 16ቱ አንድ ማርያ ትሬዛ ብር ነው።

ብዙ ሰው ግን የምኒልክ ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ በቀጥታ አውሮፓ የደረሰ ይመስለዋል። አይደለም! ኢትዮጵያ ገና የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች፣ ቴምብሯ ከጅቡቲ ወዲያ ዋጋ አልነበረውም። ደብዳቤው በበቅሎና በግመል፣ በኋላም ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ ይደርሳል፤ ለባሕሩ ጉዞ ደግሞ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበታል። ዐድዋ ላይ ጣሊያንን ድል የነሳ መንግሥት፣ ደብዳቤውን መርከብ ለማሳፈር ከዚያ በኋላም ከ12 ዓመት በላይ የባዕድ ቴምብር ያስፈልገው ነበር። ይህ የቀረው ኢትዮጵያ ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ኅብረቱን ስትቀላቀል ነው።

ይህን ሁሉ የሚመሰክረው ቴምብሩ ብቻውን አይደለም። የሁለቱ መንግሥታት ቴምብሮች ጎን ለጎን የተለጠፉበት ኤንቨሎፕ ነው፤ ከላዩ የተመታው ማኅተም ደግሞ ቀኑንና ከተማውን ይናገራል። ታዲያ ቴምብር ሰብሳቢ ነኝ ባዩ ኤንቨሎፑን ቀዶ፣ ቴምብሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይልጠዋል፤ ንጹሕ ምስል ለማግኘት ሲል የጉዞውን ምስክር ይጥላል። እንዲህ ያለውን ሰው ስንት ጊዜ ተቆጣሁት!

በኛ በጋይንት በኩል ደግሞ ብዙ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ሳይረግጥ፣ አርብ ለገበያ በወጣ ሰው እጅ ይላክ ነበር። ቴምብር የለውም፤ የአድራሹ ስም ብቻ ጥግ ላይ ተጽፏል። እሱም የፖስታ ታሪክ ነው። የአባቱን ደብዳቤ በሣጥን ያኖረ ሰው ወረቀቱን አስቀርቶ ኤንቨሎፑን ለምድጃ ባይሰጥ ደስ ይለኛል። መሸጥ የፈለገም ቢሆን ከነኤንቨሎፑ ይውሰደው፤ የሚያውቅ ገዢ አስቀድሞ የሚያየው ማኅተሙን ነው።