የተርቦ ጥርስ

በአዊ ፈረስ የሚገዛ ሰው ኮርቻውን አይቶ ገንዘብ አያወጣም፤ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ኮርቻ ይዋሳሉ፣ ዕድሜ ግን ጥርስ ላይ ይታያል። በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሰኞቿ በሚሰለፉባት እንጅባራ ይህን የሚያስተምር አያስፈልግም። ያገለገለ ተርቦ የሚገዛም እንዲሁ ያድርግ።

ተርቦ በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተተከሉ ሁለት መዘውሮች ናቸው። አንዱን የሞተሩ ጭስ ያዞረዋል፤ ሌላው አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። አየር ሲበዛ ብዙ ናፍጣ ይነዳል፣ ጉልበት ይጨምራል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ድንች ወይም ከሰል ጭኖ የዓባይን በረሃ ለሚያቋርጥ አይሱዙ ይህን ጉድለት የሚሞላለት ተርቦው ነው።

ከመርካቶ ሶማሌ ተራም ይምጣ ከዳንግላ ጋራዥ፣ ዕቃው የመኪናው አምራች ካርቶን ስለሌለው ብቻ ፎርጅድ አይባልም። ተርቦ ሠሪዎቹ አይኤችአይና ጋሬት በራሳቸው ስምም ይሸጣሉ። ፎርጅድ የሚባለው የሌላውን ስም የለጠፈው ነው። ስለዚህ ተርቦው ላይ ያለው የሰሌዳ ቁጥር ከአሮጌው ተርቦ ጋር ይመሳከር፤ ግን ምርመራው እዚያ አይቁም፣ ሰሌዳም እንደ ኮርቻ ይዋሳልና።

ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ስለሚሽከረከር ሚዛኑ ቅንጣት መሳት የለበትም። ደህና ፋብሪካ የከበደውን ጎን እየፋቀ ያስተካክላል፤ ፍቀቱም በመዘውሩ ወይም በብሎኑ ላይ ይቀራል። እንከን የሚመስለው ይህ ጠባሳ የሥራው ምስክር ነው። ምንም ያልተነካ፣ ሻካራ መዘውር ያጠራጥራል።

ቀጥሎ ምላጮቹ ይታዩ፤ ጫፋቸው የተሸረፈ ወይም ቤቱን የፋቀ ከሆነ ይለፍ። ዘንጉን በጣት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲገፉት መላወስ የለበትም። ወደ ጎን ጥቂት ቢነቃነቅ ግን አያስደንግጥ፤ ኩሽኔታው የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነው፣ ዘይቱ ሲገባ ክፍተቱ ይሞላል።

ከመግጠም በፊት አሮጌውን የገደለው ይጣራ። ብዙ ጊዜ የቆሸሸ ዘይት ወይም የተደፈነ የዘይት ቱቦ ነው። ቱቦው ይጽዳ፣ ዘይቱና ፊልትሮው ይለወጥ። ገብስ የተነፈገ ፈረስ ጥርሱ ቢያምርም ዳገት አይወጣም።