ከአንድ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት 19 ትሪሊዮን ጠብታ

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት። በመተማና በጋላባት አድርገው ድንበር የሚሻገሩ ሳሉግ የሚባሉ የእኛ አገር ወቅታዊ ሠራተኞች፣ ከሱዳናውያን የቀን ሠራተኞች ጋር ዋልካው ላይ ጎንበስ ብለው የሚያርሙትና የሚያጭዱት ይህንኑ ነው። ከሰሊጥ ፍሬ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ማንኪያ ዘይት ለማግኘት 6 ሺህ ገደማ ፍሬ ይጨመቃል። ይህ ግን ገና ትንሹ ቁጥር ነው።

ያ ማንኪያ ዘይት ሆድ ከገባ በኋላ እንዳለ ወደ ደም አያልፍም። ጨጓራ ይንጠዋል፣ ሐሞት ያደቅቀዋል። እያንዳንዱ ጠብታ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እስኪያክል ደቀቀ ብለን እናስላ፤ አንጀት ውስጥ ይህን ያህል የሚደቅም፣ ከዚህ በብዙ የሚበልጥም ጠብታ አለ። ከአንዲት ማንኪያ 19 ትሪሊዮን ጠብታ ይወጣል ማለት ነው። ዘይቱ አንድ ድቡልቡል ሆኖ ቢቀመጥ የገጹ ስፋት 22 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነበር። ሲደቅ 60 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ የባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ወለል ማለት ነው።

በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ ተሰማርቶ ስቡን የሚቆራርጠው ኢንዛይም ላይፔዝ ይባላል። በዋናነት የሚያመነጨው ቆሽት ነው፤ ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 100 ግራም ገደማ የሆነ አካል። ይህ አካል በቀን ወደ አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት ያፈሳል። የራሱን ክብደት 15 እጥፍ፣ በየቀኑ! በዓመት ሲደመር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 27 ይሞላል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ትርፉ ነው። ሰገራ ላይ ስብ ጎልቶ መታየት የሚጀምረው የላይፔዙ ምርት ከጤናማው አንድ አሥረኛ በታች ሲወርድ ነው። ቆሽት ለዓመታት እየተቃጠለና ጠባሳ እየያዘ ዘጠኝ አሥረኛውን አቅሙን ቢያጣ እንኳ ባለቤቱ የበላው ሲፈጭለት ሊቆይ ይችላል። ጤነኛ ሰው በቀን 100 ግራም ስብ ቢበላ በሰገራው የሚወጣው ከ7 ግራም አይበልጥም። መስመሩ ሲታለፍ ግን ብክነቱ ይከፋል። 40 ግራም ስብ ሳይፈጭ ቢወጣ 360 ካሎሪ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም ከስቡ ጋር አብረው ይሄዳሉ።

ሐኪሞች ስብ የበዛበትን ሰገራ ምልክት ሲጠይቁ «ውኃ ላይ ይንሳፈፋል ወይ?» ይላሉ። ሰሊጥ ማሳ ዳር ለሚጸዳዳ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ይጠቅመዋል? ደግሞም ሰገራ በአየር ብቻም ይንሳፈፋል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። መጠኑ ከበላው በላይ የበዛ ይመስላል ወይ? መልኩ ፈዞ ወደ ቢጫ ወይም ወደ አመድማ አድልቷል? ቅባቱ ያብለጨልጫል? ሽታው ከወትሮው የተለየ ነው? ሲታጠቡ እንደ ዘይት ያሟልጫል? እየበላ ይከሳል? ጃርዲያም ይህን መሰል ሰገራ ስለሚያመጣ የሰገራ ምርመራ አይቀርም። ጨርሶ ነጭ አፈር ከመሰለና ዓይንም ቢጫ ከሆነ የሐሞቱ መንገድ ሳይዘጋ አልቀረም፤ ያ ለነገ የማይባል ነው።

በመተማና በጋላባት ድንበር ቆሽትን የሚያሰጋ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ እሱም መድኃኒት ነው። ገዳሪፍ በሱዳን ካላዛር ከጸናባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሟ ናት፤ ወዲህ ማዶ ያሉት መተማ፣ አብደራፊና ሁመራም የዚያው በሽታ ሰፈር ናቸው። ግራርና የተሰነጣጠቀ ዋልካ ባለበት የምትኖር፣ ርዝመቷ ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የአሸዋ ዝንብ ነድፋ የካላዛርን ጥገኛ ተሕዋስ ታስተላልፋለች፤ ጣፊያ ያብጣል፣ ትኩሳት ይሰነብታል። ሳይታከሙ ከቀሩ ከ100 ታማሚ ከ95 በላይ ይሞታል። ስለዚህ ሕክምናው የግድ ነው። ነባሩ መርፌ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ይባላል፤ ውስጡ አንቲሞኒ የሚባል ንጥረ ነገር አለበት። መጠኑ በቀን ለአንድ ኪሎ 20 ሚሊ ግራም ስለሆነ 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 1 ግራም አንቲሞኒ፣ በፈሳሽ 10 ሚሊ ሊትር ይወጋል። ቀድሞ ብቻውን ለ30 ቀን ይሰጥ ነበር፤ ድምሩ 30 ግራም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ፓሮሞማይሲን ከተባለ ሌላ መርፌ ጋር ለ17 ቀን እንዲሰጥ ስለመከረ ወደ 17 ግራም ወርዷል።

አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ሆኖም አንቲሞኒው ልብንና ቆሽትን ይነካል። በብዙ ታካሚዎች ደም ውስጥ የቆሽት ኢንዛይም ከፍ ይላል፣ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። በአንዳንዱ ግን እውነተኛ የቆሽት ብግነት ይነሳል፤ ኤችአይቪ አብሮት ያለ ሰው ላይ አደጋው ይከፋል፣ ይገድላልም። ይህ ድንገተኛው ነውና ሰገራ እስኪለወጥ አይጠበቅም። በዚያ ቀን ሰገራው ምንም ላይለወጥ ይችላል። ምልክቱ ከእምብርት በላይ ጀምሮ ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመምና የማያቋርጥ ትውከት ነው። «ጨጓራዬ ነው»፣ «ታይፎይድ ነው» ብሎ ዝም ማለት እዚህ ላይ ሕይወት ያስከፍላል። መርፌውን ለምትሰጠው ነርስ ያኔውኑ ቢነገራት የዕለቱ መርፌ ሳይወጋ ደም ይመረመራል፤ ላይፔዙ ከጤናማው ጣሪያ ሦስት እጥፍ አልፎ ከተገኘ ሕመሙ የቆሽት መሆኑ ይረጋገጣል።

መልካም ዜናው የመጣውም ከዚሁ አካባቢ ነው። በገዳሪፍ ዶካና ኡም ኤል ኸይር፣ በእኛ በኩል በጎንደርና በአብደራፊ፣ እንዲሁም በኬንያና በኡጋንዳ 439 ታካሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ ሚልቴፎሲን የተባለ የሚዋጥ እንክብልን ከፓሮሞማይሲን መርፌ ጋር ለ14 ቀን ሰጥቶ ከነባሩ የ17 ቀን ሕክምና ጋር አነጻጸረ። ሁለቱም ከ100 ታካሚ 91 ያህሉን አዳኑ። በአዲሱ ሕክምና ውስጥ አንቲሞኒ የለም። እንክብሉ ያስመልሳል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም፤ ለቀሩት ግን እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ሊደርስ ይገባዋል።